በሩን ይዞ የቀረው ሰው

የቀበሌው ሊቀመንበር የሐይቅን ንባብ ቤት ቁልፍ ያስረከበኝ ቀን፣ «መጽሐፍ ቢጠፋ አንተን ነው የምይዝ» አለኝ። ሥራዬ መጻሕፍቱን መዝግቦ ማኅተም መምታት፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከመሠረተ ትምህርት ለወጡ ጎልማሶች ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር።

ከአንድ ሣጥን ሥር የእንግሊዝኛ መጽሔት አገኘሁ። በንጉሡ ጊዜ እዚህ ያስተማረ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ነው። ሽፋኑ ላይ ደረቱ የተራቆተ፣ ጎራዴ የመዘዘ ጎረምሳ አለ፤ ከኋላው ጢማም ጠንቋይ። ሊቀመንበሩ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

«ይኼ ፊውዳል ነው?» አለኝ።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር! ጠንቋይ የሚገድል ነው። አጉል እምነትን የሚዋጋ!»

«እንዲያ ከሆነ ይነበብ።»

በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ እየተረጎምኩ አነበብኩት። ሁለት ጓደኛሞች ሰውን ድንጋይ የሚያደርግ ጠንቋይ ምሽግ ይገባሉ። አንዱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሌላው የማምለጫውን በር ይዞ ይቀራል። የኛ አገር አድማጭ መቼ ዝም ብሎ ይሰማና! ሙስሊሙ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርግላቸዋል፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የመጣው ክርስቲያን አሜን ይላል። ለመጽሔት ሰው ዱዓ ሲደረግ ሌላ ቦታ አላየሁም።

እትየ ዘሀራ ሁልጊዜ ከፊት ትቀመጣለች። አንድያ ልጇ ሰይድ ሰሜን ግንባር ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። አንድ ቀን ሰው ሲወጣ ወደኋላ ቀረችና፣

«በሩን የያዘው ከተመለሰ ሰይዴም ይመለሳል ብዬ በልቤ ይዣለሁ» አለችኝ። «ተስያለሁ።»

መጨረሻውን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። በሩን የያዘው ይሞታል። ቀኑ ሲደርስ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ «ቆስሎ ተመለሰ» ብዬ ጨረስኩት። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እትየ ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ የሰይድ መርዶ መጣ። ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው ቢነግሯት አልቀበልም አለች። «በሩን የያዘው ተመልሷል! ወረቀት ላይ ተጽፏል!» ለቀስተኛው ደጇ ቆሞ እሷ ለልጇ መኝታ ታነጥፋለች።

መርዶ ካደረሱት አንዱ ሸህ ይመር ንባብ ቤት ድረስ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸውም አልተቀመጡም።

«አንተ የቋጠርከውን እኛ መፍታት አቃተን» አሉኝ።

መጽሔቱን ይዤ ሄድኩ። ከፊቷ ተቀምጬ የመጨረሻውን ገጽ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ታሪኩ ተራ የጎራዴ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ ሳነበው አስቆኝ ነበር። ያን ዕለት ግን እያንዳንዱ ቃል ከበደኝ። ጠንቋዩ ወደቀ፣ ድንጋዮቹ ሰው ሆነው ወጡ፣ ጓደኛው በሩ ሥር ሞቶ ተገኘ።

«እንዲህ ነው የተጻፈው?»

«አዎ እትየ። እኔ ነኝ የለወጥኩት። ይቅር በይኝ።»

ገጹን በጣቷ ነካ አደረገችና፣

«በሩንስ ለቆት ነበር?»

«አልለቀቀም። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ይዞት ነበር።»

«ወየው ልጄን!» አለች። ለቅሶው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሦስት ቀን ንባብ ቤቱን ዘግቼ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጥኩ፤ ሊቀመንበሩም ለምን ዘጋህ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አነበብኩ። ሥራውን ለሚረከቡኝ የምላቸው ይኼን ብቻ ነው፦ መጨረሻውን ለማንበብ አፋችሁ የማይታዘዝ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ ምረጡ። ከጀመራችሁት ግን የተጻፈውን አንብቡ።