የካፒቴኑ መነጽርና የውበቱ ምክር

ውበቱ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በታች የሚኖር ቀጥቃጭ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ቡዳ ነው፣ ዓይኑን አትዩት» እያለ ያማዋል፤ ማረሻው ሲዶለዱም ግን የውበቱን ደጅ ማንም አይስተውም። እሱም ሐሜቱን ስለለመደው፣ ማረሻ ሊያሠራ በመጣው ሁሉ ላይ ሆን ብሎ ያፈጣል፤ ገበሬው ሲርበተበት በሆዱ ይስቃል።

ጣልያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ግራዝማች አወቀ የተባሉ አርበኛ ከጫካ ሰው ላኩበት። ከጠላት የማረኩት ጠመንጃ ባለመነጽር ነው፤ መነጽሩን አጥብቀው የሚይዙት ሁለት ቀለበቶችና የሚያርፉበት መቀመጫ ግን ተሰብረዋል። ውበቱ ሁለት ጊዜ ቀጥቅጦ ላከ። ሁለቱንም ጊዜ «ሲተኮስ መነጽሩ ይዘላል» የሚል መልስ መጣበት። የማረሻ ብረት ለዚህ ሥራ አልሆነም።

በዚህ ሲጨነቅ ሳለ አንድ የጣልያን ካፒቴን ከአስተርጓሚው ከወልደ ሚካኤል ጋር በበቅሎ መጣ። ካፒቴኑ አደን ይወዳል። የጠመንጃው መነጽር ስለላላበት ሁለት ዓይነት ቀለበት ከነመቀመጫቸው አስመጥቶ መምረጥ ቸግሮታል። አንደኛው እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሁለተኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ ነው።

«አንተ የብረት ሰው ነህ፤ የትኛው ይታመናል?» አለ ወልደ ሚካኤል።

ውበቱ በመዶሻው ጫፍ መታ መታ አደረጋቸው። የሚያበራው ድምፁ ታፈነ፤ ጥቁሩ እንደ ደወል ጮኸ። መቀመጫቸውን በየተራ ጠመንጃው ላይ አኖረ። በሚያበራው ሥር ሰበዝ ሾልኮ ገባ፤ ጥቁሩ ግን ፀጉር እንኳ አላስገባ አለ። ብሎኑም እንደ ጅብ ጥርስ ይነክሳል። የውበቱ ልብ ዘለለ፤ ፊቱን ግን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጠቆረ።

«የሚያበራውን ይያዙ» አለ። «ጥቁሩማ በሽታ አለበት።»

ካፒቴኑ ደስ አለው፤ ድሮም ዓይኑ ያረፈው በሚያበራው ላይ ነበር። ውበቱ ክፍተቱን በሰም ደፍኖ አሰረለት። ካፒቴኑ እዚያው ሦስት ጥይት ቅል ላይ ተኮሰ፤ ሦስቱም አገኙ። ዋጋህ ስንት ነው ሲባል፣

«ገንዘብ ምን ያደርግልኛል? ይችን የታመመች ብረት ይተዉልኝ፤ ለሚስቴ ማጭድ ትሁን» አለ።

ጥቁሩ ቀለበት በማግስቱ በጤፍ ስልቻ ውስጥ ተቀብሮ ወደ ጫካ ወጣ።

ቅዳሜ ካፒቴኑ ወደ ዓባይ ቆላ ለአደን ወረደ። የቆላ ፀሐይ ሰሙን አቀለጠችው። ድኩላው ቆሞ እያየው ሲተኩስ መነጽሩ ወደ ኋላ ዘሎ ቅንድቡን ገመሰው፤ ጥይቱም ድኩላውን ትቶ፣ ከማዶ በበቅሎ ተጭኖ የሚወርደውን የወይን ጠጅ በርሜል በሳ። ባንዶቹ «ጌታችን ተጎዱ!» እያሉ ሁሉም ወደ በርሜሉ ሮጡ።

ሰኞ ወልደ ሚካኤል ሁለት ወታደር አስከትሎ ውበቱ ደጅ ደረሰ። «ጥቁሩን አምጣ ተብለሃል።»

የውበቱ ሚስት ጤናዬ ጓሮ ሣር ስታጭድ ነበርና ማጭዷን ይዛ መጣች። «ይኸውልዎ፣ ጌታዬ፤ ማጭድ ሆነ» አለች። ማጭዱ የእናቷ ነበር።

ወልደ ሚካኤል አገላብጦ አየው። ሰው ላይ ማፍጠጥ የለመደው የውበቱ ዓይን መሬት መሬት አየ።

«በአምስት ቀን እንዲህ ዛገ?»

«በሽታ አለበት ብዬ ነበር እኮ፣ ጌታዬ።»

አስተርጓሚው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «እውነትህን ነው» አለና በቅሎውን መለሰ። ለካፒቴኑ ምን ብሎ እንደተረጎመለት እሱ ያውቃል። ወታደሮቹ ግን እጃቸው አላርፍ ብሎ ወናፉን ቀደውበት ሄዱ፤ ውበቱ ሌላ ቆዳ እስኪያገኝ አንድ ወር ሥራ ፈቶ ተቀመጠ።

በታኅሣሥ ግራዝማች አወቀ ገበሬ መስለው፣ ጠመንጃውን በጭድ ሸክም ውስጥ ደብቀው ራሳቸው መጡ። ጤናዬ ጠላ ቀዳች። ሁለት ተከታዮቻቸው የቀጥቃጭ ቤት ጠላ ላለመንካት ሲያፈገፍጉ እሳቸው ጭልጥ አደረጉት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውበቱ፣ ሥራህ ግሩም ነው። ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ይስታል።»

ካፒቴኑ ፊት ያልታየው የውበቱ ቁጣ አሁን ገነፈለ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ቀለበቱን ነቀነቀ፤ ንቅንቅ የለም።

«ይሄ አይስትም! ይልቅ እርስዎ ሲያነጣጥሩ የትኛውን ዓይንዎን ነው የሚጨፍኑት?»

«ሁለቱንም» አሉ ግራዝማች ቀስ ብለው።

ተከታዮቻቸው ሳቃቸውን መደበቂያ ቢያጡ ዋንጫ ዋንጫቸውን ከጤናዬ እጅ ተቀብለው አፋቸው ላይ ደፉት።