መሪጌታ በምጽዋ ገበያ

ለፍጥረቱ ሁሉ በየጊዜው ምግብን የሚሰጥ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ፈቃድ ይህችን ትዝታ የጻፍሁት በየደብሩና በየመንገደኛው ማኅበር የስንቅ መጋቢ ለሆናችሁ ታናናሾቼ ነው።

ሥራውን የጀመርሁት ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ከአንኮበር ከሚወጡ ካህናት ጋር ስነሣ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃችን የበሶውንና የዳቦ ቆሎውን ስልቻ አስረከቡኝና፣ «ጸሎቱን እኛ እንችለዋለን፤ ሆዳችን ግን በአንተ እጅ ነው» አሉኝ።

ምጽዋ ስንደርስ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ደሴቲቱን ያን ጊዜ ግብፆች ይገዟታል። የባሕሩ ወበቅ በሶውን አሻገተው፤ ከደጋ የሚወርደው ዱቄትም ጠፍቷል፤ የገበያው ዳቦ ስብ ይነካዋል። ሌሎቹ በሽምብራ ቆሎ ሰነበቱ። የእኔ ጭንቅ የዜማ መምህሬ መሪጌታ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከጠፋ፣ ጥርሳቸውም ካለቀ ቆይቷል።

ሩዝ ቀቅዬ አቀረብሁላቸው። በጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ይህ የንብ ዕጭ ነው። በጾም ዕጭ ልታበላኝ ነው?» አሉኝ።

«የኔታ፣ እህል ነው።»

«የሚንሸራተት እህል አላውቅም።»

በማግሥቱ ተምር ገዛሁ። ተምር ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ አልፎ አልፎ ይታያል፤ እርሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በቅኔ ማኅሌት የፈጁ እንጂ ገበያ የሚውሉ ሰው አልነበሩም። ጣታቸው ላይ ቢጣበቅባቸው፣ «ቅቤ ተቀብቷል» ብለው መለሱት።

በዚያው ቀን የምንሳፈርበት ጀልባ አለቃ ተሳፋሪዎቹን ሊያይ መጣ። መሪጌታን በረኃብ ዝለው ግድግዳ ተደግፈው ቢያገኛቸው በአስተርጓሚ፣ «ይህን ሽማግሌ አልጭንም፤ ባሕር ላይ ይሞትብኛል። ነገ ጠዋት በእግሩ ቆሞ ካየሁት ብቻ ይሳፈራል» አለ። መሪጌታ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ኢየሩሳሌምን ሲመኙ የኖሩ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይነሡ፣ የኔታ፤ ገበያውን ራስዎ ይዩት» አልኋቸው።

«በምኔ ልየው?»

«በእጅዎ።»

ደግፌ ወሰድኋቸው። ገበያው ከዳር እስከ ዳር በጥላ የተሸፈነ ነው። ዓሣ ሻጩ፣ ሎሚ ሻጩ፣ ውኃ ሻጩ በየራሱ ቋንቋ ይጮኻል፤ የቅመሙ ሽታ ያስነጥሳል። መሪጌታ ቆም ብለው አዳመጡና፣ «ይህ ሁሉ ድምፅ አንድ መሪ ቢያገኝ ደኅና ማኅሌት ይወጣው ነበር» አሉ። ከደከሙ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ተምር የሸጠልኝ የአልዩ አምባ ተወላጅ ሐጂ ሰይድ ይባላል። አማርኛችንን ሲሰማ ከመደቡ ወረደ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ያገሬ ሰዎች! አባቴ፣ ተምሬን መለሱት አሉ።»

«ቅቤ አለበት። ይልቅ ከላያችን የሚንሿሿው ምንድን ነው?»

«የጣሪያው ሰሌን ነው።»

«ሰሌን?» መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ሳልሞት ከሰሌን ሥር አገባኸኝ?»

አስከሬን በሰሌን ተጠቅልሎ እንደሚቀበር ሐጂ ሰይድም ያውቃልና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያም ከነዘለላው የተሰቀለ ተምር አወረደ፤ ከጣሪያውም አንድ ቅጠል መዝዞ ሁለቱን በእጃቸው አኖረላቸው።

«ቅጠሉም ፍሬውም የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው፣ አባቴ። የሚጣበቀውም ወላሂ የራሱ ማር ነው።»

መሪጌታ ቅጠሉን በጣቶቻቸው ሰንጥቀው አጠፉት፤ አዞሩት፤ ቀለበት አድርገው ጣታቸው ላይ አጠለቁት።

«ይህማ ዘንባባ ነው። በየሆሣዕናው ለስንቱ ሕፃን ቀለበት ሠርቼበታለሁ» አሉ። ዘለላውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ዳሰሱ። «ሰዓቱ ደርሷል?»

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ የኔታ።»

አማትበው አንዷን ከዘለላው ራሳቸው ቀጠፉና በድዳቸው አላመጡ። ሌላም ደገሙ። «ፍሬው እንዲህ ከሆነ፣ በከንቱ ቅጠሉን ብቻ ይዘን ስንዞር ኖረናል» አሉ። ሐጂ ሰይድ ቅርጫቱን ወደ እርሳቸው አስጠጋ፤ እርሳቸውም እጃቸውን አልመለሱም።

በማግሥቱ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወደቡ ላይ ከሁላችን ቀድመው ቆሙ። የጀልባው አለቃ ሁለት ጊዜ አያቸውና፣ «የታመመው ሽማግሌ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ንገረው» አሉ መሪጌታ አስተርጓሚውን፤ «ባሕሩ ሲያናውጠው እኔ እደግፈዋለሁ።»

አለቃው ስቆ እጃቸውን ያዘና አሳፈራቸው።

እኔም ከዚያ ወዲህ በመጋቢነት ብዙ ዘመን ኖርሁ። የሚበላው ሰው የሚበላውን ነገር እስኪያውቀው ድረስ የመጋቢ ሥራ አላለቀም።

አንባቢዬን እግዚአብሔር ይባርክ፤ ጎተራውን ከነቀዝ፣ ልጆቹን ከክፉ ይጠብቅለት፤ በቤቱ ለሚያርፍ እንግዳ የሚቀርብ አይጥፋበት። አሜን።