ጌትነትን ከነብረቱ ብትወስዱት ኖሮ

ጌትነት ሞተ ሲሉኝ "የትኛው ጌትነት?" አልሁ። ትናንት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰላም ያልሁት ሰው መሆኑን ልቤ አልቀበል ብሎ ነው።

ለማታውቁት፣ ጌትነት እዚህ ደባርቅ የብዙዎቻችንን ቤት የሠራ ግንበኛ ነው። ባለቤቴ ስታርፍ የመቃብሯን ድንጋይ የጠረበልኝም እሱ። ሲጨርስ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። "አልጠመመም?" ስለው፣ "አንድ ዓይን ይበቃል ወንድምዓለም፤ ሁለቱ ሲያዩ ይጨቃጨቃሉ" አለኝ። በዚያ ሐዘን መሀል ሳቅሁ።

ትናንት ከሰዓት ከሚሠራበት ግንብ መወጣጫ ወደቀና ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ፌሮ ብረት በግራ ዓይኑ ገባች።

ነፍሱን አልሳተም። "ቀኙ አለልኝ፣ አታልቅሱ" ይላቸው ነበር አሉ አብረውት የሚሠሩት።

ከዚያ የኛ ነገር መጣ። "ሰው ብረት ተሸክሞ መንገድ አይሄድም" ተባለ። እሾህም ሲወጋን ነቅለን መሄድ ነው የምናውቀው። አንዱ ጭንቅላቱን ያዘ፣ አንዱ ነቀለ። ደሙ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሲወስዱት፣ ዳባት ሳይደርሱ ማውራቱን አቆመ።

ጎንደር ሲደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው "ብረቱን ማን አወጣው?" ብሎ ነው። አንጎሉ ድረስ ዘልቆ፣ የቆረጠውን የደም ሥር ራሱ ብረቱ ደፍኖት ነበር። የሚወጣው ጭንቅላቱ ፎቶ ከተነሣ በኋላ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። "እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን ደግፋችሁ እንደተሰካ ብታመጡት፣ ይድናል ብዬ አልምልም፤ ግን የምሞክረው ነገር ይኖረኝ ነበር" አላቸው።

ማን እንደነቀለው አልጽፍም። ወዶት ነው የነቀለው። እኔስ እዚያ ብኖር? ራሴን ስጠይቅ የዋልሁት ይህንን ነው። ጭንቅላቱን የምይዘው እኔ እሆን ነበር።

ለቅሶው ላይ "ቀኑ ነው" ይላሉ። ቀኑ የእግዚአብሔር ነው፣ አምናለሁ። የነቀለው እጅ ግን የኛ ነው፤ በእግዚአብሔር አናሳብብ። ይህንን ስል አንድ አዛውንት "አንተ ደግሞ፣ ሬሳ ሳይወጣ ትምህርት ቤት ትከፍታለህ?" አሉኝ። "አባባ፣ ሌላ ሬሳ ሳይመጣ ብዬ ነው" አልኋቸው።

ጌትነት ወንድሜ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ "ሰው ላይ የተሰካ ነገር አትንቀሉ፤ እንዳለ ሐኪም ዘንድ አድርሱ" ብለው እንዲያሳስቡልኝ ቄሱን ለምኛቸዋለሁ። እሺ ብለውኛል። ለአንተ ዘገየ።

ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ይቅር በለን ለማለት ግን አፌ አልደፈረም፤ መጀመሪያ እንማር። በሰላም ሂድ።