ኃላፊያችን «ሲስተም ብቻ ይሁንልኝ» ያሉ ጊዜ

ከደሴ ተመድቤ ቦንጋ ስመጣ በወረቀት ላይ የተሰጠኝ የሥራ መደብ «የአይሲቲ ባለሙያ» የሚል ነበር። በተግባር ግን ዋናው ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት መንቀል ሆነ። ከዚያ በተረፈ «ኮምፒዩተሬ ሞተ» የሚል ሰው ሲጠራኝ ጠረጴዛው ሥር እገባና የወለቀውን ሶኬት እሰካለሁ። በዚህች ብቻ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንደ ሐኪም እከበር ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊያችን አስጠሩኝ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ግዙፍ፣ ረጋ ያሉ፣ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ኮታቸውን የሚያስተካክሉ ሰው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሠራተኛው ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጣል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ከመሠረቱ ጀምረሽ ሥልጠና ስጪልን።»

ደስ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቀስት የበዛበት፣ ቀለም ያሸበረቀ ስላይድ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። የሥልጠናው ጠዋት ሠራተኛው አዳራሽ ገብቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። «ሲስተም ሶፍትዌር እና አፕሊኬሽን ሶፍትዌር» የሚለው የመጀመሪያ ገጽ ግድግዳው ላይ እንደታየ መብራት ጠፋ። ጨለማውን ገና ሳንለምደው ዝናቡ ወረደ። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ቢያናግርህ የምታየው የከንፈሩን እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

እየጮህኩ ማስተማር ጀመርኩ። ሲስተም ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተሩን ራሱን የሚያስተዳድረው ነው፤ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ፕሪንተሩን የሚያስተባብረው እሱ ነው፤ ዊንዶውስ የምትሉት ማለት ነው አልኩ። አፕሊኬሽን ሶፍትዌር ደግሞ የየራሳችንን ሥራ የምንሠራበት ነው፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ወርድ፣ ለሠንጠረዥ ኤክሴል፣ ለደመወዝ ፋይናንስ ክፍል ያለው ፕሮግራም። ከኋላ የተቀመጡት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን?» አሉ። ደገምኩት። «ምን?» አሉ እንደገና። ጉሮሮዬ ሲሰነጠቅ አሳጠርኩት።

«ሲስተም ያዛል፣ አፕሊኬሽን ይሠራል።»

ይኼን ሁሉም ሰማ። ከግዥ ክፍል የመጣው ሰውዬ እጁን አወጣና «ሲስተሙ ውሎ አበል አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። ከልቡ አዘነለት። ከዚያ ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ ሥልጠናውም በዚያው ተጠናቀቀ።

በማግስቱ ኃላፊያችን እንደገና አስጠሩኝ። ስገባ ኮታቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ትናንት የተናገርሽው ትክክል ነው?»

«የትኛው ጋሼ?»

«ሲስተም ያዛል፣ አፕሊኬሽን ይሠራል ያልሽው።»

«ትክክል ነው።»

«እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ?»

«ኃላፊ ነዎት።»

«ታዲያ የእኔ ኮምፒዩተር ላይ አፕሊኬሽን ምን ይሠራል?»

ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ እንደማይጠቅሙ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

«ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ገብቶኛል። ሲስተሙ እኔ ጋ ይሁን፣ አፕሊኬሽኑ ጸሐፊዋ ጋ።»

«የጸሐፊዋም ኮምፒዩተር ያለ ሲስተም አይነሳም።»

ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ እሷም ትንሽ ሲስተም ይኑራት» አሉ።

ወጥቼ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራውን የዕቅድ ባለሙያ አማከርኩት። የኃላፊያችንን ጠባይ ከእኔ በፊት ያውቃል። ቀና ሳይል «ያሉሽን አድርጊ። እሳቸው በእጃቸው ካልነኩት አያምኑም» አለኝ። ተመልሼ ገባሁና ማጥፋት ጀመርኩ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው አንድ በአንድ ይጠይቃሉ።

«ይኼስ?»

«አፕሊኬሽን ነው።»

«ይውጣ።»

ወርድ ወጣ፣ ኤክሴል ወጣ፣ መዝሙር የሚያጫውተው ወጣ። ካርታ መጫወቻው ላይ ስንደርስ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ይኼኛውም አፕሊኬሽን ነው?»

«አፕሊኬሽን ነው ጋሼ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ፣ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው፣ «ይውጣ» አሉ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እጅግ ተስማማቸው። ስክሪናቸው እንደ ተጠረገ ግቢ ፏ አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር ሳይሰጡ ኮምፒዩተራቸውን ያሳያሉ፤ «ይኼ ሲስተም ብቻ ነው» ይላሉ። ከቢታ ገነት ለስብሰባ የመጡ አንድ ኃላፊ ማሽኑን ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ ኮስተር ብለው ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ። ባጃጅ ላይ ከመሳፈራቸው በፊት፣ እዚያው የኛ በር ላይ ቆመው፣ እሳቸውም ጋ እንዲሁ እንዲደረግ ለባለሙያቸው ደወሉ።

ኃላፊያችን ግን ቀስ በቀስ የሚያዙት ነገር አጡ። አዲስ ፎልደር ይከፍታሉ፣ «አዲስ» ብለው ይሰይሙታል፣ ያጠፉታል። ሰዓቱን ያስተካክላሉ። የተላከላቸውን ሪፖርት ሲጫኑት ማሽኑ በምን ይከፈት እያለ ይጠይቃቸዋል። ይኼን እንደ አክብሮት ነበር የቆጠሩት፤ «አየሽ፣ ያለ እኔ ፈቃድ አይከፍትም» አሉኝ። ሪፖርቱ ግን መነበብ ነበረበት። ስለዚህ ፍላሻቸውን ይዘው ወደ ጸሐፊዋ ክፍል መመላለስ ጀመሩ።

ጸሐፊዋ እትዬ የምንላት፣ በነገር ሁሉ የማትደነግጥ ሴት ናት። እሳቸው ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ሪፖርት ሲያነቡ እሷ የምትቀመጥበት አጣች። «እኔስ ጋሼ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ «እዚያ ግቢ፣ እኔ ጋ ተቀመጪ» አሏት። ገባች። ክሯንና ኪሮሿን ይዛ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ይኼኔ ከዋጫ የመጡ ሽማግሌ የቡና መሬታቸውን ጉዳይ ይዘው የኃላፊውን በር አንኳኩ። እትዬ እንዲገቡ ፈቀደች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉዳያቸውን ከአያታቸው ዘመን ጀምረው ተረኩላት። እስኪጨርሱ አዳመጠችና ኃላፊያችን ሁልጊዜ እንደሚሉት «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው፤ ማክሰኞ ይመለሱ» አለቻቸው። መርቀዋት ወጡ። በሩ ላይ ሲያገኙኝ «አዲሷ ኃላፊ ሰው የምታዳምጥ ናት» አሉኝ። ምን ልበል?

በዚያው ሰዓት በወዲያኛው ክፍል አንዲት ባለጉዳይ ገብታ ኃላፊያችንን «ጸሐፊው እርስዎ ነዎት? ይቺን ኮፒ ያድርጉልኝ» ብላቸዋለች። ጨዋ ሰው ናቸውና ሰው ማሳፈር አይችሉም። ተነሥተው ኮፒ አደረጉላት። ማሽኑ ወረቀት ሲይዝባቸው ጊዜ ነው እኔን ያስጠሩኝ።

ወረቀቱን ነቅዬ ሳበቃ በሩን ዘጉ። ፊታቸው በላብ ወዝቷል።

«ልጄ፣ ሲስተም ብቻውን ሲሆን ማንን ነው የሚያዘው?»

«ማንንም ጋሼ። የሚሠራ ከሌለ የሚታዘዝም የለም።»

«ይኼን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዝናብ ነበር።»

አሰቡት፤ ተቀበሉት። «መልሺልኝ» አሉ።

እትዬን ከትልቁ ወንበር አስነሥተን ፕሮግራሞቹን መጫን ጀመርኩ። እትዬ ስትወጣ የወንበሩን ትራስ ይዛ ወጣች፤ ማንም አልከለከላትም። አረንጓዴዋ መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ ኃላፊያችን የቢታ ገነቱ ሰውዬ ትዝ አሏቸውና ደነገጡ። ወዲያው ደወሉ። ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ያ ነገር ስሕተት ኖሯል። አፕሊኬሽኑን አስመልሰው።»

«ለምን አስመልሳለሁ?» አሉ የቢታ ገነቱ በደስታ። «እንዲህ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም። ሪፖርት ላክ ሲሉኝ 'እኔ ጋ ያለው ሲስተም ብቻ ነው' እላቸዋለሁ። ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ይቅርታ ጠይቀው ይዘጋሉ።»

ኃላፊያችን ስልኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ለረጅም ጊዜ አረንጓዴዋን መስመር ተመለከቱ።

«ሊያልቅ ነው?» አሉኝ።

«ትንሽ ቀርቶታል ጋሼ።»

«ግድ የለም፣» አሉ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ እየሰቀሉ፣ «አታጣድፊው።»