የዶልፊንና የፍላሚንጎ እንቅልፍ

የያዙኝ ካዛንቺስ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ነው፤ ስልኬ ውስጥ በተገኘ ጽሑፍ ምክንያት። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ እጄ ላይ የአሳይመንት ወረቀት ነበር፦ «ዶልፊንንና ፍላሚንጎን አወዳድሩ።» ወረቀቱን ወሰዱት። ጥያቄው ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ።

የታሰርኩባት ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ለሁላችን መተኛ ስለማትበቃ ግማሾቻችን ስንጋደም ግማሾቻችን ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን፤ ከዚያ እንቀያየራለን። የሚፈታ ሰው ስም በር ላይ አንዴ ብቻ ይጠራል። «አቤት» ካላለ ጠሪው ያልፋል፤ ቀጣዩ ጥሪ መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ እንቅልፍ እንፈራ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመቆም ተራ ጡረታ ለወጡ አንድ አባት ደረሰ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል።

«አባባ፣ እኔ ልቁም፤ በእኔ ቦታ ይተኙ።»

«ተራዬ ነው። እንዳንተው ታስሬያለሁ፣ እንዳንተው እቆማለሁ።»

አሳይመንቱ ትዝ አለኝ።

«ፍላሚንጎ የምትባል ወፍ አለች፤ ውሃ ውስጥ በአንድ እግሯ ቆማ ትተኛለች። ዶልፊን ደግሞ ባሕር ውስጥ የሚኖር አጥቢ እንስሳ ነው። ግማሽ አንጎሉ ሲተኛ ግማሹ ነቅቶ ይጠብቃል።»

«ኧረ ፍሬሹ፣ እዚህም ሌክቸር!» አለ አንዱ ከጥግ። ሳቁ።

አባባ አልሳቁም። «ነቅቶ ምኑን ነው የሚጠብቀው?»

«እንዲተነፍስ፣ አደጋም እንዳይመጣበት። እኔ ቆሜም ማንቀላፋቴ አይቀርም። እርስዎ ተጋድመው ስሜን ይስሙልኝ።»

«ሥራ ከሆነ እሺ» አሉና ተጋደሙ።

አንድ እግሬን አጥፌ ቆምኩ። እስከ ወገብ ሰማያዊ የተቀባው ግድግዳ ቀስ እያለ ውሃ ሆነ። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል እኔ አይቼው የማላውቀው ባሕር መሰለኝ። ቅዝቃዜው ጉልበቴ ደረሰ፤ እግሬ ቀጠነ፣ ትከሻዬ ቀለለ።

ሱሪዬ ተጎተተ።

«ልጄ፣ አንተን ነው!»

አባባ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። «አቤት!» ብዬ ጮህኩ። ጠሪው ፊቱን ወደ ቀጣዩ ክፍል አዙሮ ነበር፤ ተመለሰ።

ስወጣ «ከቦታዬ አይነሱ» አልኳቸው።

«አልነሳም። ለቆሙትም እሰማላቸዋለሁ።»

አሳይመንቱን ዘግይቼም ቢሆን አስገባሁ፤ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። አሁንም ከመስቀል አደባባይ በባቡር ስሄድ አንቀላፋለሁ፤ ሰው ሰው ሲጠራ ብድግ እላለሁ። የእኔን ስም እሳቸው ሰሙልኝ። የእሳቸውን ማን እንደሰማላቸው ግን አላውቅም።