ግድግዳ ላይ የበቀለው ጤፍ

«ይሄ ግብርና አይደለም!» አሉ መምህር አበጀ፣ ወረቀቱን እንደ እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። «ማዳበሪያው የት አለ? ምርጥ ዘሩስ? ደግሞ የጀርባ አጥንት የሚለውን ለምን ዘለልሽው?»

«ቲቸር፣ የጀርባ አጥንቱንማ ክፍሉ በሙሉ ጽፎልዎታል» አለች ሩቂያ ከመጨረሻው ወንበር ተነስታ። «አንድ ጀርባ ይህን ሁሉ አጥንት እንዴት ይችለዋል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ፤ የእኔም ድርሰት «ግብርና የአገራችን ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ብሎ ነበር የሚጀምረው።

ይህን ክርክር ከነሳቁ ከዓመታት በኋላ የመለሰልኝ ሽታ ነው። መካነ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ የተከራየኋት ክፍል ገና አዲስ የተመረገች ናት። ሰሞኑን የበልጉ ዝናብ ከጎን ሲመታት ጠዋት የራሰ ጭቃና የጭድ ሽታ ቀሰቀሰኝ። በባዶ እግሬ ወጥቼ ግድግዳውን እዳብስ ጀመር። አከራዬ አይታኝ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «ሩቂያ» ልላት ምንም አልቀረኝ።

ሩቂያ ሰባተኛ ክፍል የወንበር ጓደኛዬ ነበረች፤ ግን ልጅ አልነበረችም። ልጅነቷን አረብ አገር በሰው ቤት ጨርሳ የተመለሰች ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን በጥቁር አባያዋ፣ ኮሪደሩን በሚሞላ ሽቶዋ ስትገባ አዲስ መምህርት መስላን ሁላችንም ብድግ አልን። «ቁጭ በሉ» አለችና ራሷም መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ስለነበር ጉልበቷን ወደ ጎን አጥፋ ነበር የምትቀመጠው። «እትዬ» ስንላት ትቆጣለች፤ «ክፍል ውስጥ እትዬ የለም። ከደወል በኋላ ግን ውሃ ትቀዱልኛላችሁ!» የሄል ሻይ ከምትይዝባት ትንሽ ፔርሙዝ በእረፍት ሰዓት ተራ በተራ በክዳኗ ታጠጣን ነበር።

የግብርና ድርሰት ውድድሩ ለእኛ ጨዋታ ነበር፤ ለእሷ ግን አልነበረም። የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ሰይድ ቤት ነው። ሰይድ ከአጅባር ገበያ እህል እያመጣ የሚሸጥ፣ የሰው አፍ የሚፈራ ሰው ነበር። ጎረቤት «እህትህ ጡት ካልጣሉ ልጆች ጋር ፊደል ትቆጥራለች» እያለ ሲስቅበት ሰነበተ፤ በመጨረሻም ቁርጡን ነገራት፦ «በዚህ ውድድር ካሸነፍሽ ተማሪ። ካልሆነ ፓስፖርትሽ ይታደሳል።» ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ክንዴን ግን አጥብቃ እንደያዘች ነበር። ከየክፍሉ የሚያልፈው ደግሞ አንድ ድርሰት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ያን ቀን ሳቁ ሲበርድ ያልተቀመጠችው። «እስኪ ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ቲቸር።»

መምህር አበጀ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አይበልጡም፤ ሊቆጧትም ሊያከብሯትም ሲቸግራቸው እናያለን። ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ «በሰው አገር የወለወልሁት ግድግዳ ፊቴን ያሳየኝ ነበር። አንድም ቀን ግን አልበቀለም። እኛ በጭቃና በጤፍ ጭድ የመረግነው ክፍል ዝናብ ሲነካው ይበቅላል።» ቀና አሉ። «ሩቂያ፣ ግድግዳ ላይ ጤፍ አይበቅልም።»

«ወላሂ ይበቅላል! ይነሱና እንይ!»

ፈቃድ የጠበቀ የለም። ወንበር ተገለበጠ፣ ደብተር ወደቀ፣ በካፊያው ውስጥ እየተጋፋን ወደ ክፍሉ ጀርባ ሮጥን። ያን ግድግዳ ጥር ላይ ወላጆቻችን በጅጌ ተሰባስበው ነበር የመረጉት። ጭዱ ከአባቴ አውድማ የመጣ ነው፤ ጭቃውን ካቦኩት መካከል ሩቂያም አባያዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ነበረች። በጭዱ ውስጥ የቀረውን ፍሬ ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። አሁን ግን ዝናብ የሚያገኘው ጎን ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ እንደ ሕፃን ጠጉር የሳሳ፣ ነፋስ ሲነካው አብሮ የሚተኛ አረንጓዴ።

መምህር አበጀ አንዷን ቡቃያ በጣታቸው ሳቧት። ከነሥሯ፣ ከነጭቃዋ መጣች። መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ከኋላ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እንረም እንዴ?» ሲል ሌላው ቅጠል ለመንቀል እጁን ሰደደ።

«ተው!» ብለው ጮኹ መምህር። «አትንካው! ሰብል ነው!»

ሩቂያ አቅፋኝ ወደ ሰማይ አነሳችኝ። ድርሰቷ አለፈ።

በዚያው ሳምንት የእኔንም ወረቀት አምጪ አለችኝ። አንብባ መለሰችልኝና «ዛሬ ጠዋት እጅሽ ምን ነካ?» አለችኝ። መጥረጊያ አልኋት፤ የበሩን ጠፍር፣ የጥጃውን አፍንጫ። «እና አጥንቱን የት አገኘሽው?» ዛሬም ግጥም ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ እጄን አያለሁ።

የውድድሩ ቀን የወረዳው አዳራሽ ገበሬና ተማሪ ጢም ብሎበት ነበር። ሩቂያ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ ጀመረች፤ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ግን ሊያቆማት የሚችል አልነበረም። ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ከመሀል ተነስተው፣ አውድማ ላይ ምርት ያዩ ይመስል «ይባርክ!» አሉ። አዳራሹ በአንድ አፍ «አሜን!» ብሎ መለሰ። አንደኛ የወጣው የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ በጀርባ አጥንት ጀምሮ በጀርባ አጥንት ጨረሰ፣ ጃንጥላ ተሸለመ። ሩቂያ ሁለተኛ ወጣች። ሽልማቷ አንዲት ቀይ ቄብ ዶሮ ነበረች።

ዶሮዋን በብብቷ ይዛ፣ እኔን አስከትላ ወደ ቤት ሮጠች። የከሰዓት ክፍል ሊጀመር ትንሽ ቀርቶታል። ሰይድ በእህል ጆንያዎቹ መካከል ቆሞ ጠበቀን።

«አንደኛ ወጣሽ?»

«ሁለተኛ።»

«ሁለተኛ ምኑ ማሸነፍ ነው?»

«እሱን ለዶሮዋ ንገራት።»

«ሩቂያ፣ የተነጋገርነው...»

«አረብ አገር ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ አንድም ሰው አሜን ብሎኝ አያውቅም» አለችው፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሜን አለኝ። ፓስፖርቱን ከፈለግህ አንተ አሳድሰው፣ ሰይድ። እኔ አልሄድም።» ዶሮዋን ደረቱ ላይ አስታቀፈችው። «ያዛት። ክፍል ረፈደብኝ።»

ሰይድ ወደ እኔ አየ። ዶሮዋ ስትንፈራገጥበት ሳያስበው ክንፏን ያሻሽ ጀመር፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከተከፈተው ጆንያ እፍኝ ጤፍ ዘገነላት።

«ነይ እንጂ አንቺ!» አለችኝ ሩቂያ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ እየወጣች። የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ድርግም ብሎ ሲዘጋ፣ ከግድግዳው የረገፈች ጭድ ያላት ጭቃ እግሬ ሥር ወደቀች።