ሁለት እርምጃ ወደኋላ

ማንኩሳ አካባቢ የዱላ ምከታ ከተነሣ የአያ ይርሳው ስም ሳይጠራ አይቀርም። ቁመቱ እንኳ ለዱላ የሚመች አይደለም፤ አጭር፣ ደንዳና ገበሬ ነው። ግን ሦስት ሆነው ቢመጡበት ማንንም ሳያደማ አድክሞ የሚመልስ ሰው ነበር።

እህል ተወቅቶ አውድማው ባዶ ሲሆን የአገሩን ጎረምሶች ሰብስቦ በልምጭ ያለማምዳቸዋል። ዓይንህን ከሰውየው ትከሻ ላይ አትንቀል፤ ምት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ራስህን ሸፍን፣ የሰው ራስ ግን አትምታ። ገላጋይ «በማርያም» ካለ ደግሞ እዚያው በቆምህበት ዱላህን አውርድ። ይህችን የመጨረሻዋን ከሁሉ አጥብቆ ነው የሚያስተምር። ወደኋላ ማለት አላስተማረም፤ ሸሸ መባልን እንደ ሞት ይፈራ ነበር።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የገዛ ልጁ ገነነ ነበር። አንድ ልጅ ነው፣ ሌላ የለውም።

አምና በኅዳር የጎረቤት በሬዎች ጤፋቸው ውስጥ ገቡና ገነነ ከባለበሬው ጋር ተያያዘ። ያ ሰው ሲመታ ገነነ ሲመክት ቄስ ገብረሰንበት በመንገድ ሲያልፉ ደረሱባቸው፤ «በማርያም» አሉ። ልጁ ዱላውን አወረደ። የባለበሬው ምት ግን ተሰንዝሮ ነበር፤ ልመልሰው ቢልም የሚመለስ አልሆነ።

ለቅሶው ላይ ቄሱ ይርሳውን የሚያጽናኑት መስሏቸው «አይዞህ፣ እንዳስተማርኸው ታዞ ነው የሞተ» አሉት። ይርሳው ከዚያ ቀን ወዲያ ዱላ አልጨበጠም። እናቲቱ አልጣሽ ቄሱ ያሉትን ሰምታለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም፤ እሱን የጎዳው ይኸው ዝምታዋ ነው።

ዘንድሮ ሽማግሌዎች መጡ። ጎረምሳው መምቻ እንጂ መመከቻ አያውቅም፣ እንግዲህ ልጆቻችንን ልንቀብር ነው ብለው ለመኑት። ይርሳው አልችልም አለ። ሲወጡ አልጣሽ ከጓዳ ብቅ አለችና «ይሂዱና ያስተምሯቸው፤ የሌላዋ እናት ልጅ ይትረፍላት» አለችው። ሄደ።

አውድማው ላይ «በማርያም ሲባል መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ወደኋላ፣ ዱላ የሚወርድ ከዚያ ነው» አላቸው። ምስክር የሚባል ጎረምሳ፣ ሰው ፈሪ አይለንም ወይ ብሎ ጠየቀ።



«ይበል» አለ ይርሳው። «እኔ ዛሬ ልጅህ ፈሪ ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ እግሩን እስመው ነበር።»

ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሁለት ሁለት እርምጃ ወደኋላ አሉ።